ባክሰሟ ሉባባ

የሉባባን መሞት የሰማሁት ደሴ ፒያሳ፣ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነው። ጠመኔ ልገዛ ገብቼ ባለሱቁ ጠመኔውን ሳይሰጠኝ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና፣ «ቲቸር አስቴር፣ ሰምተዋል አይደል? ቲቸር ሉባባ ወደ አኼራ ሄዱ» አለኝ። አልሰማሁም ነበር። ጡረታ ከወጣች በኋላ ደጋን ከተማ እህቷ ዘንድ ነበር የምትኖረው። በዒድ ማግስት ስደውልላት ድምጿ እንደ ድሮው ነበር፤ ሳቋም እንደዚያው፣ ስልኩን ከጆሮ የሚያርቅ።

ባለሱቁ የሷ ተማሪ ኖሯል። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ። እኔም «ነፍስ ይማር» አልኩ። ደብተር ስትመርጥ የነበረች አንዲት ሴትዮ ወደኛ ዞር ብላ፣ «የትኛዋ ሉባባ? ያቺ ወፍራሟ አስተማሪ?» ብላ ጠየቀች።

ባለሱቁ ቆጣ አለ። «ወፍራሟ አይባሉም» አላት። «ባክሰሟ ነው የሚባሉት።»

ሴትዮዋ ቃሉ እንዳልገባት ያስታውቃል። እኔ ግን እንባዬ ሳይደርቅ ሳቄ መጣ። ሉባባ ብትሰማው ኖሮ እሷም ትስቅ ነበር።

ሉባባን ያወቅኋት ደሴ፣ እኔ ጂኦግራፊ እሷ እንግሊዝኛ በምናስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ቀድሞ ቦሩ ሜዳ ስታስተምር ቆይታ ወደኛ ስትዛወር እኔ ገና ጀማሪ ነበርኩ። የመምህራን ክፍል በር ላይ ቆማ «አሰላሙ ዓለይኩም፣ እንዴት አደራችሁ፣ ለኔ የሚሆን ወንበር አለ?» ስትል ሁላችንም ቀና አልን። ትልቅ ሴት ናት። ትከሻዋ ሰፊ፣ ዳሌዋ ሰፊ፣ ፊቷ ክብ፤ ስትራመድ አትቸኩልም። የደሴ ዳገት ሁላችንንም ያስለከልከናል፤ እሷ ግን መሀል ላይ ትቆምና ዞር ብላ ከተማውን ታያለች። «ደክሞኝ እንዳይመስልሽ» ትለኛለች፣ «ደሴን እያየኋት ነው።» ደክሟትም ነበር፤ ታይም ነበር።

በዕድሜ ስለምትበልጠኝ መጀመሪያ አንቱ አልኳት። እጄን ያዘችና «ተይ አስቱ» አለችኝ። «እኔ ብቻዬን እንኳ ብዙ ነኝ፤ ጭራሽ ልታበዢኝ ነው?» ከዚያን ቀን ወዲህ እትዬ እያልኩ፣ ግን አንቺ እያልኩ ኖርኩ።

በራሷ ላይ ለመቀለድ ማንም አይቀድማትም ነበር። ያን ጊዜ እንዲህ መሆኗ ደስታ ይመስለኝ ነበር። ሌላው ሳይቀድማት እየቀደመች እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ከጎኔ ካለው ክፍል የተማሪ ሳቅ ተሰማ። የሷ ክፍለ ጊዜ ነው። ከዚያ ሳቁ ድርግም አለ። ፀጥታው ሲያሳስበኝ ወጥቼ በሩ ጋ ቆምኩ። ሰሌዳው ላይ አንድ ሰው ክብ በክብ የሆነች ሴት ስሎ፣ ከሥሯ በእንግሊዝኛ ፊደል «ባክሰም» ብሎ ጽፏል። ቃሉን ከስልክ እንዳወጡት ግልጽ ነው። ገላዋ የሞላ፣ ደረቷ የጎላ ሴት ማለት ነው። ሉባባ መጽሐፏን እንዳቀፈች ስዕሉን ታየዋለች። ተማሪዎቹ አቀርቅረዋል።

«ማን ነው የጻፈው?» አለች።

ያቀረቀሩት ራሶች ይበልጥ ዝቅ አሉ።

«ልቀጣው አይደለም። ይህን ቃል እንኳን እናንተ መምህራኑም አሳስተው ነው የሚጽፉት፤ ይሄ ልጅ አንድ ፊደል አልሳተም።» ጠመኔ አነሳችና ከሥሩ ትልቅ የትክክል ምልክት አደረገች። «ስዕሉ ግን ዜሮ። ጆሮዬን ረስቶታል።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች። ቀጥላ «አሁን ሥራ ልሰጣችሁ» አለች። «ቃሉን እኔም በደንብ አላውቀውም። ከየት እንደመጣ ፈልጌ እነግራችኋለሁ። እናንተ ደግሞ ቤት ሂዱና እንዲህ ያለችውን ሴት ወላጆቻችሁ በአማርኛ ምን እንደሚሏት ጠይቃችሁ ኑ። ስድብ አላልኩም። ስም ነው ያልኩት።»

በማግስቱ ከልጆቹ አፍ የወጣውን ቃል እኔም ቆሜ ሰማሁ። ሞንዳላ፣ ደልዳላ፣ ሞላ ያለች፣ ድንቡሽቡሽ፣ ወዘናዋ ያማረ። አንዱ «አባቴ፣ 'ቤት የምትሞላ' አለኝ» አለ። ከደጋን ወጥታ ደሴ ዘመድ ቤት ሆና የምትማር አንዲት ልጅ ደግሞ ቀስ ብላ ተነሳችና «እናቴ፣ 'አላህ ሳይሰስት የሠራት' ትላለች» አለች። ሉባባ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። «እናትሽን ሰላም በይልኝ» ብቻ አለች።

በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። አላበቃም።

በዚያው ሰሞን የደሴና የኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች አንድ ላይ የእንግሊዝኛ ቀን ሊያከብሩ ተነሱ። ኮምቦልቻ ትልቅ አዳራሽ ይያዛል፣ ተማሪዎች ይወዳደራሉ፣ ወላጆችና እንግዶች ይመጣሉ። የመክፈቻውን ንግግር የኛ ትምህርት ቤት እንዲያደርግ ተወሰነ። ተናጋሪዋ ሉባባ እንደምትሆን ያልጠረጠረ አልነበረም። እንደሷ እንግሊዝኛ የሚናገር በትምህርት ቤታችን የለም፤ ድምጿም ማይክ አያስፈልገውም።

ምክትል ርዕሰ መምህራችን ጌታሁን ይባላል። ወጣት ነው፤ ሥራ ይወዳል፤ ክፉ ሰው አልነበረም። መምህራን ክፍል መጣና ሁላችንም እየሰማን «እትዬ ሉባባ፣ ንግግሩን እርስዎ ይጻፉልን። መድረክ ላይ የሚያቀርብ ሌላ ሰው መርጠናል» አላት።

«ለምን?» አለችው።

«አይ፣ ያው እንግዶች አሉ። ቀረጻም አለ። ለመድረክ፣ ለካሜራ የሚሆን ሰው ብለን ነው። መቼም ይገባዎታል።»

«ካሜራው ስንት ኪሎ ነው የሚችለው?»

ሳቅን። ጌታሁን ፊቱ ቀላ። እሷም አብራን ሳቀችና ደብተሯን ይዛ ወደ ክፍሏ ሄደች። እንደ ሁልጊዜው ያለፈች መሰለኝ።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ግን ምሳ ዕቃ ይዛ መምጣት ተወች። ሁልጊዜ አብረን ነበር የምንበላው፤ የሷ ሽሮ የኔ ጎመን፣ የኔ ሽሮ የሷ ምስር። «ጾም ነው እንዴ?» አልኳት። «አይደለም» አለች። «ታዲያ አሞሻል?» «አላመመኝም።» ሻይ ብቻ፣ እሱንም ያለ ስኳር። ቀልዱም አብሮ ጠፋ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ ተደግፋ ዓይኗን ስትጨፍን አየኋት። ደግፌያት በባጃጅ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወዳለው ቤቷ ወሰድኳት።

ፍራሹ ላይ ትንሽ አረፍ ካለች በኋላ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። በወጣትነቷ ኮምቦልቻ አግብታ ነበር። ስታገባ ቀጭን ነበረች። እየቆየች ወፈረች። ባሏ ነጋዴ ነው፤ ሰው የሚያውቀው ነው። አንድ ጁምዓ ገበያ አብረው ሲወጡ «ከኋላ ከኋላዬ ነይ» አላት።

«ምን አልሽው?» አልኳት።

«ምን እላለሁ? ከኋላው ሄድኩ። ወላሂ አስቱ፣ እስክንፋታ ድረስ ዓመታት ከኋላው ሄድኩ። ሰው ሰላም ሲለኝ አቀርቅሬ፣ ሠርግ ቤት ስገባ ጥግ ፈልጌ። ማስተማር ስጀምር ነው ቀና ያልኩት። ሰሌዳ ፊት ለፊት ስቆም ማንም ከኋላዬ ነይ አይለኝም ብዬ።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ጌታሁን ያን ሲናገር ያ ጁምዓ ነው የመጣብኝ።»

 ወጥቼ ከጎረቤት ሱቅ ትኩስ ዳቦ ገዝቼ መጣሁና ቆርሼ ሰጠኋት። ዳቦውን ስታየው ቆይታ ጎረሰች። ሌላ ቆረስኩላት። ዳቦው እስኪያልቅ እንዲሁ ቀጠልን።

ጉልበቷ ሲመለስ ለተማሪዎቹ ቃል የገባችው ትዝ አላት። ቅዳሜ የማውቀው ሰው ባለበት አንድ ቤተ መጻሕፍት ይዣት ሄድኩ። ክንድ የሚያዝል የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አወጡልን፤ የቃላትን የትውልድ ሐረግ ሳይቀር የሚዘረዝር ነው። እሷ በጣቷ እየተከተለች ታነባለች፤ እኔ የደቡብ አሜሪካን ካርታ እያየሁ እጠብቃታለሁ። ድንገት ሳቋ ፈነዳ። አንባቢው ሁሉ ዞረብን። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ጣቱን አፉ ላይ አደረገ።

«አስቱ፣ ነይ እይ! ይሄ ቃል መጀመሪያ ምን ማለት እንደነበር ታውቂያለሽ? ጎንበስ ባይ! ታዛዥ!»

«ባክሰም?»

«ባክሰም! ሥሩ መጉበጥ፣ መጎንበስ ነው። ስለ ሥጋ ምንም የለበትም።» ድምጿን ዝቅ ልታደርግ ሞከረች፤ አልሆነላትም። «ያ ረቢ! እኔ እኮ ባክሰም የነበርኩት ያኔ ነው፤ ከባሌ ኋላ ኋላ ስሄድ! ልጆቹ ዛሬ ነው የሰደቡኝ የመሰላቸው!»

ሠራተኛው አስወጣን። ደጅ ቆመን ሳቅን። ከዚያ ደሴን ሳታይ፣ ሳትቆም ዳገቱን ወጣች፤ እኔ ነኝ ከኋላ ቀርቼ ያለከለክሁት። አናቱ ላይ ስደርስባት «ልወዳደር ነው» አለችኝ።

በእንግሊዝኛው ቀን ከተማሪዎች ቀጥሎ የመምህራን የንግግር ውድድር ነበር። የሚፈልግ ሁሉ በራሱ ስም ይመዘገባል፤ የትምህርት ቤት ፈቃድ አያስፈልገውም። ያሸነፈ የሁለቱን ከተሞች የእንግሊዝኛ ክበቦች እየዞረ ይመራል። ብዙዎቹ መምህራን የፈለጉት ያንን ነው፤ ከክፍል ወጥቶ ሰው ጋ መድረስን። ሉባባ ሰኞ ጠዋት ተመዘገበች። ለጌታሁን የመክፈቻውን ንግግር አሳምራ ጽፋ ሰጠችው። «ይህ የእናንተ ነው» አለችው፤ «የራሴን ራሴ እናገረዋለሁ።»

ለቀኑ ልብስ አሰፋች። ልብስ ሰፊው ሰውዬ ጥቁር ጨርቅ አውጥቶ «ጥቁር ያሳንሳል፣ እትዬ፤ ሰፋ አድርጌ ልሥራው» ቢላት «መቼ አሳንሰኝ አልኩህ?» አለችው። «ብርቱካንማ አድርገው። ልኬንም በደንብ ለካ፤ ለልኬ ነው የምትሰፋው።»

ከደሴ ስንነሳ ጉም ነበር፤ ሁላችንም ተጀቡነናል። ኮምቦልቻ ስንደርስ ሙቀቱ ኮታችንን አስወለቀን፤ ያን ጊዜ ብርቱካንማው ወጣ። ቀሚሱ እስከ ቁርጭምጭሚቷ፣ ሻሿ ከሱ ጋር የሄደ። ተማሪዎቿ «ማሻ አላህ!» ብለው ጮኹ። ጌታሁን አየና ወደ ሌላ ዞረ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። የመክፈቻው ንግግር ተነበበ፤ ተጨበጨበ። ተማሪዎች ተወዳደሩ። የመምህራን ተራ ሲደርስ ስሟ ተጠራ። የመድረኩ ደረጃ ጣውላ ነው፤ ስትረግጠው ሲጥ አለ። ከወደ ኋላ አንድ ድምፅ «መድረኩን ያዙት!» አለ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ ወንበሬን ጨብጬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስገልጥ ማይኩ ጋ ቆማለች። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ በአማርኛ «መድረኩ ችሎኛል» አለች፣ «እናንተም ቻሉኝ።» ሳቁ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ግን ከሷ ጋር ነበር። ንግግሯን በእንግሊዝኛ ጀመረች።

«አንድ ቀን ተማሪዎቼ ስም አወጡልኝ። ባክሰም አሉኝ። ስለዚህ ስሜ ማን እንደሆነ ልጠይቅ ሄድኩ። ይህ ቃል ሲወለድ ሥጋ አልነበረውም። የሚጎነበስ፣ የሚታዘዝ ማለት ነበር። የጥንት የእንግሊዝ ሙሽራ በሠርጓ ቀን ለባሏ ባክሰም ልትሆን ትምል ነበር። ሎሌው ለጌታው ባክሰም ነበር። ቆይተው፣ የሚታዘዝ ሰው ደግ ነው አሉ፤ ባክሰም ደግ ሆነ። ደግ ሰው ፊቱ የፈካ ነው አሉ፤ ባክሰም ደስተኛ ሆነ። ደስተኛ ሰው ጤነኛ ነው አሉ። ጤነኛ ሴት ደግሞ ሞላ ያለች ናት አሉ። መጨረሻ ላይ ያንን ሁሉ ረሱና ደረቷን ብቻ ያዙ።»

 ከዳኞቹ አንዱ እስክሪብቶውን አስቀምጧል።

«እኔ ይህን መንገድ በሙሉ ሄጄዋለሁ» አለች። «በወጣትነቴ በመጀመሪያው ትርጉም ባክሰም ነበርኩ፤ ሰው እያየኝ አጎነብስ ነበር። ዛሬ በመሀለኛው ትርጉም ባክሰም ነኝ፤ ደስተኛ ነኝ። በመጨረሻውም ነኝ፤ ይኸው እያያችሁኝ፣ አልክድም። የመጀመሪያውን ግን ለባለቤቶቹ መልሼላቸዋለሁ። ከእንግዲህ እኔን የሚያይ ሰው ቀና ብሎ ይየኝ፤ እኔም ቀና ብዬ አየዋለሁ።»

ጭብጨባው ገና ሲጀምር ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ብድግ አሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉና «ልጄ፣ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እኛ ምን በደልን? በአማርኛ ንገሪን እንጂ!» አሉ። ሉባባ ዳኞቹን አየች። መሀለኛው ዳኛ እየሳቀ በእጁ ፈቀደላት። ከመጀመሪያው ጀምራ በአማርኛ አወራችው፤ ከእንግሊዝኛውም አሳመረችው። ባሏ ከኋላዬ ነይ ያላትን እዚያ ላይ ጨመረችበት። ያ የሆነው እዚያው ኮምቦልቻ ነበር፤ ስሙን ግን አልጠራችም። «መለስኩላቸው» ስትል ያቺ እናት እልልታቸውን ለቀቁት። ሌሎች ሴቶች ተቀበሏቸው። ወንዶቹ ቆመው አጨበጨቡ። ተማሪዎቿ ወንበር ላይ ወጥተው «ባክሰም! ባክሰም!» ይላሉ። ስዕሉን የሳለው ልጅ ከነሱ መሀል ይኑር አይኑር አላውቅም፤ እሷም ከዚያ ከሰሌዳው ቀን ወዲህ ጠይቃ አታውቅም።

ዳኞቹ ብዙም አልተማከሩም። አንደኛ ወጣች። ከመድረኩ ስትወርድ ጣውላው እንደገና ሲጥ አለ፤ በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም፤ ሰው እጁን ዘርግቶ ሊያወርዳት ነበር የሚሻማው። እኔ ጋ ስትደርስ ላብ በላብ ሆና አቀፈችኝ። አለቀስኩ። «አብሽሪ» አለችኝ፣ «አብሽሪ አስቱ፤ ይልቅ ራበኝ።»

በላን። ምን የመሰለ ተጋቢኖ ሽሮ በላን! ቆርሼ ላጎርሳት ስል እየቀደመችኝ።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የሁለቱን ከተሞች ክበቦች እየዞረች መራች። በየትምህርት ቤቱ የመጀመሪያውን ቀን በዚያ ቃል ትከፍታለች። «ቃል ሳትመረምሩ አትቀየሙ» ትላቸዋለች። ዛሬ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ደልደል ያለች ሴት ሲያይ «ባክሰም ናት» የሚል ጎልማሳ ብታገኙ የሷ ተማሪ ነው፤ እያከበራት ነው እንጂ እየሰደባት አይደለም።

እኔ ግን ሉባባን ሳስብ የሚመጣብኝ የዚያን ቀን ማምሻ ነው። አውቶብሱ ወደ ደሴ ሊነሳ ነው። ተማሪዎች ከኋላ እየዘፈኑ፣ እያጨበጨቡ ነው። ሉባባ ዘግይታ ስትገባ ወንበር ሁሉ ተይዟል። ከፊት፣ ለሁለት ሰው በሚሆነው ወንበር ላይ ጌታሁን ብቻውን ተቀምጧል። ሲያያት ብድግ አለ።

«ይቀመጡ፣ እትዬ ሉባባ። እኔ እቆማለሁ።»

«ደሴ ድረስ?»

«ግድ የለም።» ከዚያ አንገቱን ደፍቶ፣ ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ቀንሶ «ያን ቀን ስለ መድረኩ ያልኩት አጥፍቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ» አላት። አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁ።

ሉባባ አየችው። ከዚያ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ መስኮቱ ጋ ገባችና ተቀመጠች። ጠጋ፣ ጠጋ አለች። ጎኗ ያለውን ባዶ ቦታ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። እስከዚያን ቀን እርስዎ እንጂ አንተ ብላው አታውቅም።

«ና ወንድሜ፣ ተቀመጥ» አለችው። «ይበቃናል።»

ተቀመጠ። በቃቸው።